የአባቴ ብልቃጥ

ሰው አባቱን ከውስጥ ማየት የለበትም። እኔ አይቻለሁና አውቄ ነው የምናገረው።

ሐኪሟ አስተርጓሚ ስለፈለገች ከአልጋው ራስጌ አቆመችኝ። አባቴ በግራ ጎኑ ተኝቷል። አፉ እንዳይገጥም የተሰጠውን ፕላስቲክ ነክሶ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል። ጥቁሩ ቱቦ በጉሮሮው መውረድ ሲጀምር እጄን ጭብጥ አደረገኝ። ያ እጅ በወደቡ ስንቱን ደላላና ጸሐፊ ጨብጦ ሐሳቡን ያስቀየረ እጅ ነው። አሁን አጥንት ብቻ ሆኖ እንደ ሕፃን የሙጥኝ ብሎኛል። እኔ በቀላሉ የምፈራ ሴት አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ፈራሁ።

"ሐጂ፣ አይፍሩ። በአፍንጫ፣ በአፍንጫ ይተንፍሱ" ትለዋለች ሐኪሟ። የከተማዋ ልጅ ናት። ከእኔ ጋር በፈረንሳይኛ፣ ከነርሷ ጋር በሶማሊኛ ታወራለች፤ አማርኛውን ከጎረቤት ነው የለቀመችው። ሰፈሩ ሁሉ አባቴን ሐጂ ስለሚለው እሷም ሐጂ አለችው።

ቱቦው ጫፉ ላይ ካሜራ አለው፤ ያየውን ሁሉ ከፊት ለፊታችን ወዳለው ስክሪን ይልካል። ኢንዶስኮፒ የሚሉት ይሄ ነው። ጨጓራውን እስክታልፍ ድረስ "ይሄ ደህና ነው፣ ይሄም ደህና ነው" እያለችኝ ነበር። ከጨጓራው ወጥታ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። እኔ ደግሞ የሐኪም ዝምታ አልወድም። ስክሪኑ ላይ ቀይ፣ ያበጠ፣ እዚህም እዚያም የተላጠ ነገር ይታያል።

"ምንድነው?" አልኳት።

"እብጠት ነው። ከምን እንደመጣ ግን በዓይን አይታወቅም።"

በቱቦው ውስጥ ጫፏ እንደ አፍ የሚከፈት ቀጭን ሽቦ አሳለፈች። አፏ ተከፍቶ ሲገጥም ከአንጀቱ የምስር ፍሬ የማታክል ሥጋ ቆንጥራ ትወጣለች። ነርሷ ተቀብላ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ትከታታለች። እንደገና፣ ደግሞ እንደገና። እኔ በየቁንጠራው ዓይኔን ስጨፍን አባቴ አይቶኝ ኖሮ እጄን ጫን ጫን አደረገኝ። አይዞሽ ማለቱ ነው፤ የሚቆነጠረው እሱ፣ የሚያጽናናውም እሱ! ሥጋው በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ነክቶት፣ በማይክሮስኮፕ እስኪታይ ጥቂት ቀናት እንደሚፈጅ ሐኪሟ ነገረችን። ባዮፕሲ ነው ስሙ።

እዚያ አልጋ ላይ የደረሰው በእኔ ጉተታ ነው። አባቴ ሐረር አጠገብ ካለ የገበሬ መንደር ተነስቶ፣ ድሬዳዋ ላይ ንግድ ተምሮ፣ ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ጅቡቲ የገባ ሰው ነው። ጨርቅና ሳሙና ከወደብ እያስወጣ ወደ ድሬ ይልካል፤ መጋዘኑ ከነፃ የንግድ ቀጠናው አጠገብ ነው። እኔ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ውስጥ ከቤታችን ሥር ባለች ሱቅ ድሪያ ቀሚስና ሻሽ እሸጣለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለነው ሁለታችን ነን። ባሌን ፈትቼ አባቴ ቤት የገባሁት በምላሴ ምክንያት ነው ይላሉ። ይበሉ።

ሕመሙ ሲጀምረው ሆዱን ያቃጥለው ነበር። ቀጥሎ ተቅማጡ መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። ቆዳውን ያሳክከዋል፣ ያስለዋል፣ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ይበሳል። "ምንድነው አባዬ?" ስለው "ሙቀቱ ነው" ይለኛል። ጅቡቲ ውስጥ ሙቀቱ የማይከሰስበት ወንጀል የለም። አጥብቄ ስጠይቀው ደግሞ የዘወትር ተረቱን ያመጣል፦ "ዝም አይነቅዝም።" እኔም አላንስም፤ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እለዋለሁ። እንዲህ ተረት ስንወራወር ሰውየው አለቀ። አንድ ቀን ሱቄን ዘግቼ፣ ታክሲ በር ላይ አቁሜ፣ "ወይ ትገባለህ ወይ እዚሁ መንገድ ላይ እጮሃለሁ" አልኩት። ገባ።

ሐኪሟ ደሙን ስታይ ትል ሲኖር የሚበዛ የደም ሕዋስ በዝቶ አገኘች። ስለዚህ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ የሰገራ ምርመራ አዘዘች። ላቦራቶሪው እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ነው። አባቴ ብልቃጡን ተቀብሎ በኪሱ ከተተና "ጠዋት ወደ መጋዘን ስሄድ በዚያው አደርሳለሁ" አለ። ምን አስቤ ልጠራጠር? ሦስቱም ውጤት ንጹህ ሆኖ መጣ። እኔ አልሐምዱሊላህ ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ እሱም አልሐምዱሊላህ አለ፣ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ስለ ሰገራ መወራቱ አሳፍሮት ነው ብዬ አለፍኩት። ኢንዶስኮፒውም የታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ጾመህ ና ቢባል "የሌሊቱን ሱሁር በልቼ ነው?" ብሎ የጠየቀ ሰው ነው፤ ሐኪሟ እንኳ ሳቀች።

የባዮፕሲው ውጤት ሳይመጣ አባቴ ባሰበት። የበላው ሁሉ አይረጋለትም፣ እግሩ ማበጥ ጀመረ። ሐኪሟ አስጠርታን ከጠረጴዛዋ ማዶ አስቀመጠችን።

"መጠበቁ ከባድ ነው" አለችኝ። "ሰውነቱ የገዛ አንጀቱን እየተዋጋ ይመስለኛል። ኮርቲዞን ልጀምርለት ነው።" ከዚያ ጣቷን አነሳች። "በደንብ ተርጉሚለት። ይህን መድኃኒት የምሰጠው ትል እንደሌለው አረጋግጬ ነው። ሰው ሆድ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ተደብቆ የሚኖር አንድ ዓይነት ትል አለ። ኮርቲዞን ሲገባ የሰውነት መከላከያ ይተኛል፣ ትሉ ይባዛል፣ ሳንባ ይገባል፣ ጭንቅላት ይገባል። ይገድላል። ሦስቴ ያስመረመርኩት ለዚህ ነው።"

አንድም ቃል ሳልጥል ተረጎምኩለት። አባቴ ሰንደል ጫማውን እያየ ሰማኝ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ክፍሉ ግን ቀዝቃዛ ነበር።

"ምን ትላለህ አባዬ?"

"ሐኪሟ ካለች… ደህና" አለ።

መድኃኒቱን ገዝተን ገባን። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ እንክብሎቹን አፉ ውስጥ ጨመረ፣ ውሃ ጠጣ፣ "ይኸው ዋጥኩ" አለኝ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። በሽተኛዬ ጨዋ ሆነልኝ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

ሸሚዙን ላጥብ ስል ከኪሱ መሃረብ ወጣ። ብፈታው ነጫጭ እንክብሎች፣ ምራቅ ነክቷቸው አብጠው፣ ጨርቁ ላይ ተጣብቀዋል። ያ አላህ! ደሜ ፈላ። አንድ ነገር ብቻ ነው የታየኝ፦ ይሄ ሰው ሊሞት ፈልጓል። እናቴ ከሞተች ወዲህ "እኔም ተራዬ ነው" ማለት አብዝቶ ነበር።

ከነእርጥብ እጄ ወደ ሳሎን ገባሁ። ፍራሹ ላይ፣ ከቬንትሌተሩ ሥር ተደግፎ ተቀምጧል።

"ይሄ ምንድነው?" መሃረቡን ፊቱ ዘረጋሁት።

ዝም።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድነው አልኩህ!"

ዝም። አይነቅዝማ! ከፓኮው አዲስ እንክብል አወጣሁ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ ፊቱ ተንበረከክሁ። "ዋጥ።" አፉን ገጠመ። "ዋጥ እንጂ!" ጥርሱን ነከሰ። እኔ በቁጣ ላይ ስሆን እጄ ከሐሳቤ ይቀድማል፤ አገጩን ያዝኩት። ሂና የነካው ጢሙ መዳፌ ውስጥ ገባ። ሰው አባቱን እንዲህ ይይዛል? ያዝኩት። እንክብሏን ከንፈሩ ላይ ደቀንኩ።

"እናቴን ቀብሬያለሁ፤ አንተን በእልህ አልቀብርም! ዋጥ!"

ዓይኑ እንባ ሞላ። ራሱን ግራ ቀኝ ሲወዘውዝ ውሃው ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ በዚያ በከሳ እጁ እጄን ገፋና "ያ ብልቃጥ የኔ አልነበረም" አለ።

"የቱ ብልቃጥ?"

"የምርመራው። የዓይነ ምድሩ።"

"የትኛው ቀን?"

"ሁሉም።"

"የማን ነው ታዲያ?"

ጉሮሮውን ጠረገ። "የመጋዘኑ ዘበኛ።"

ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። እንክብሏ መዳፌ ላይ ናት፤ መጣልም መያዝም አቃተኝ። አሁን፣ ከአፍታ በፊት፣ በገዛ እጄ፣ የአባቴን አፍ ፈልቅቄ ልከትበት የነበረው ሞቱን ነው። ሐኪሟ ያለችው በሙሉ፣ እኔው በገዛ አፌ የተረጎምኩት በሙሉ፣ አንድ በአንድ ተመልሶ መጣብኝ።

"ለምን?" አልኩት። ደግሜም፣ "ለምን አባዬ?"

"እዚያ ላቦራቶሪው መስኮት ላይ የምትቀመጠውን ልጅ አታውቂያትም?"

አውቃታለሁ። የንግድ ሸሪኩ ልጅ ናት። እሷ ስትወለድ አባቷ ዕቃ አጅቦ ድሬ ሄዶ ስለነበር በጆሮዋ አዛን ያለላት፣ ስሟንም ያወጣላት የኔ አባት ነው። እስከ ዛሬ ለዒድ መጥታ እጁን ሳትስም አትውልም። አሁን ተምራ ነጭ ጋውን ለብሳ ላቦራቶሪው ውስጥ ትሠራለች።

"በጆሮዋ አዛን ያልኩላት ልጅ" አለኝ አባቴ፣ እያንዳንዱን ቃል ከሆዱ እየጎተተ፣ "የኔን ዓይነ ምድር ከፍታ በመነጽር ልታይ? ከዚያ በኋላ በየት ዓይኔ አያታለሁ?"

"ከተማው ሙሉ ላቦራቶሪ አይደለም እንዴ? አቦ!"

"ሐኪሟ እዚያ አለች።"

"ታዲያ ሐኪሟ ያን ሁሉ ስትናገር ለምን አልተናገርክም? ይገድላል ስትል?"

"ሴቶች ፊት? አንቺ ፊት?" ብሎ አንገቱን ሰበረ። "የሥጋው ውጤት እስኪመጣ እንክብሉን እየተፋሁ ልቆይ ብዬ ነው። አንዳንዱ ግን አፌ ውስጥ ሟሟ። መረረኝ።"

ስልክ አንስቼ ደወልኩ። ሐኪሟ ሁሉንም ሰማችኝ።

"ምን ያህል ዋጠ?"

"አላውቅም። የሟሟውን ያህል።"

"ከእንግዲህ አንዲትም እንዳይነካ። ትኩሳት ካየሽ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ እንዳትደውዪ፤ ዝም ብለሽ ይዘሽው ነዪ።" ከዚያ ድምፅዋ ለስለስ አለ። "ሥጋው ግን የዘበኛው አይደለም። አንቺ እያየሽ በእጄ የቆነጠርኩት ነው። ለመርማሪው አሁን ደውዬ ምን እንደሚፈልግ እነግረዋለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ትንፋሹን ማዳመጥ ሆነ። አባቴ ሲያስል እኔ እቆማለሁ። ግንባሩን በመዳፌ ነክቼ የራሴን እነካለሁ፤ የቱ እንደሚሞቅ አይለይም፣ ጅቡቲ ነው። ከቀትር በኋላ ከድሬ የመጣው ጫት ከተማ ሲገባ መኪናው ሁሉ ክላክስ እያደረገ ሲያልፍ፣ ሰፈሩ ነፍስ ሲዘራ፣ አባቴ የራሱን እስር ጫት እንኳ አልጠየቀም። ይህ ከሳሉ በላይ አስፈራኝ። ተናድጄበታለሁ፣ እንዳይሞትብኝም እለምናለሁ፤ ሁለቱን በአንድ አፍ ማለት ከባድ ነው።

ዘበኛው ከዋራበሌ ሰፈር ድረስ ሐጂን ልጠይቅ ብሎ መጣ። በር ላይ ይዤ አፋጠጥኩት። ምስኪን፣ ምንም አያውቅም፤ ለሠራተኛ የጤና ካርድ የሚወጣለት መስሎት በየጠዋቱ ብልቃጡን ራሱ አድርሷል። መስኮቱ ላይ "የሐጂ ነው" እንዲል ተነግሮት፣ ከፋዩ ሐጂ ስለሆነ መስሎት እንደታዘዘው ብሏል። ነገሩ ሲገባው ራሱን ይዞ ቆየና፣ "ታዲያ እኔ ደህና ነኝ ማለት ነው?" አለኝ።

"በጣም ንጹህ ነህ" አልኩት። ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ፣ ሰውየው ግራ ገብቶት ሄደ።

ሐኪሟ የደወለችው በማግስቱ ረፋዱ ላይ ነው። ኑ አለች እንጂ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ስንደርስ ኮምፒውተሯን ወደ እኛ አዞረችው። ሐምራዊና ሮዝ ቀለም የነካው ሥጋ ነው፤ መሐሉ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት። ከጉድጓዶቹ በአንዱ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር አለ። መርፌ ሲሰካ የሚተርፍ የክር ጫፍ ይመስላል።

"ይኸው" አለች።

"ትል ነው?"

"ትል ነው። እንደ ፈራሁት ነው።" ወደ አባቴ ዞራ በአማርኛዋ፣ "ሐጂ፣ ልጅ ሆነው የት አደጉ? አፈር ላይ?" አለችው።

"ሐረር አጠገብ። እርሻ ላይ።"

"ከዚያ ሊሆን ይችላል" አለችኝ። ትሉ ከአፈር በእግር ቆዳ ይገባል፣ አንጀት ውስጥ ይቀመጣል፣ ሳይወጣ እዚያው ልጅ በልጅ እየተተካ ከሰውየው ጋር ያረጃል። አባቴ ሕይወቱን ሲያወራ ሁልጊዜ "ካገሬ ባዶ እጄን ነው የወጣሁ" ነው የሚለው። ስተረጉምለት አላስቻለኝም፤ "ባዶ እጄን መጣሁ ስትል አልነበር? ይኸው ስንቱን ይዘህ ነው ድንበር ያለፍከው!" አልኩት። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሱን አየሁት።

ሐኪሟ ፍርድ እንዳይጓደል ብላ፣ ይህ ትል ሰገራ ውስጥ የሚታየው አልፎ አልፎ ስለሆነ የራሱም ቢመረመር ላይገኝ ይችል እንደነበር ነገረችን። አባቴ ወዲያው ቀና አለ። "ሰማሽ?" አለኝ።

"አልሰማሁም! የራስህ ቢሆን ኖሮ ሐኪሟ እውነቱን ይዛ ትሳሳት ነበር። አንተ ግን ውሸት አስታጥቀህ ነው የላክሃት። ዝም አይነቅዝም አልከኝ፤ ያው፣ ዝምታህ ነቅዞ ስክሪን ላይ ወጣ!"

ሰው ፊት አባቴን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። "ልክ ነሽ ልጄ" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በላይ መጮህ አልቻልኩም።

የትሉን መድኃኒት እዚያው ሐኪሟ ፊት ዋጠ። ሳልጠይቀው አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አንስቶ፣ ሥሩን አሳየኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ አላፈርኩም።

ቀስ በቀስ ተሻለው። ሳሉ ተወው፣ የእግሩ እብጠት ጎደለ፣ በምስማር የበሳትን ቀዳዳ ትቶ ወደ ድሮዋ ተመለሰ። የጫቱ ሰዓት ሲደርስ "ኧረ ቶሎ በሉ" ብሎ ሰው መላክ ጀመረ፤ ያኔ ነው ድኗል ብዬ ያመንኩት። ሐኪሟ ግን ትሉ ሳይታይ እንዳይመለስ ብላ የክትትል ምርመራ አዘዘች። ሰገራ።

በጠዋት ተነስቶ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ ወጣ። ብልቃጡን ልያዝልህ ብለው "ተይ" አለኝ። ክሊኒኩ ሩቅ አይደለም፤ ግን አባቴ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ሰላም የማይለው ሰው የለም። በቀኙ ሲጨብጥ፣ በግራው ብልቃጡን ጀለቢያው እጥፋት ውስጥ ይዟል። ከኋላው ስከተል አንገቱ ላይ ያለው ደም ሥር ሲመታ ይታየኝ ነበር። መሐል መንገድ ላይ አንዴ ቆመ። ይመለሳል ብዬ ፈራሁ። ተንፍሶ ቀጠለ።

ልጅቷ ገና ስታየው ከመቀመጫዋ ተነሳች። እጁን ልትስም ከመስኮቱ ጎንበስ ስትል አልሰጣትም፤ በምትኩ ብልቃጡን አወጣና ፊቷ አስቀመጠው። ከኋላችን አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ልጅቷ ዓይኗን ወደ ወረቀቷ መለሰች። ሰው ሁሉ የሚጠየቀውን፣ ዘበኛው ያን ጊዜ የመለሰላትን ጥያቄ ጠየቀችው።

"አባ፣ የራስዎ ነው?"

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። አዛን ሊል እንደተነሳ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ።

"የራሴ ነው ልጄ። በደንብ እይልኝ" አለ፤ አግዳሚው ላይ የነበሩት በሙሉ ሰሙ።

ልጅቷ ብልቃጡን በሁለት እጇ ተቀበለችው።